ከዱላ ይልቅ ቁራሽ፤ የግቢዎ ውሻና የቤተሰብዎ ጤና

በየግቢው ያለውን ውሻ ልብ ብለው አይተውት ያውቃሉ? ቀን በር አጠገብ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ተፈትቶ ግቢ ይጠብቃል። በእንግዳ ላይ ሲጮህ «ጎበዝ» ይባላል፤ በቤቱ ልጅ ላይ ሲያጉረመርም ግን ዱላ ይነሳበታል። ባለቤቱ ውሻውን የሚመታው ልጁን ለመጠበቅ ብሎ ነው። ልጁን ይበልጥ ለአደጋ የሚያጋልጠው ግን ይኸው ዱላ ነው።

ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። የፈራ ውሻ መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ሰውነቱ ይገትራል። ይህን የሚያስተውልለት ሲያጣ ያጉረመርማል። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም፤ የሚተወው ማጉረምረሙን ነው። በሌላ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። የታሰረ ከሆነ ደግሞ መሸሽ ስለማይችል የሚቀረው ጥርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሻዎ ሲያጉረመርም ልጁን በእርጋታ ዞር ያድርጉትና ምክንያቱን ይፈልጉ። እየበላ ነበር? ተኝቶ ነበር? ጆሮውን ጎተቱት? ወይስ የሚያመው ቁስል አለ?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ብዙውን ጊዜ ሰውን ለመውቀስ ይነገራል እንጂ፣ ለውሻ አሠልጣኝ ጥሩ መመሪያ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክም በ1890ዎቹ መጨረሻ ድመቶችንና ውሾችን በሳጥን ውስጥ እያስገባ ባደረገው ሙከራ ያሳየው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ እንስሳ ጥሩ ነገር ያገኘበትን ድርጊት ይደጋግመዋል።

በ«ቁጭ በል» ይጀምሩ። ባቄላ የምታክል የዳቦ ወይም የተቀቀለ ሥጋ ቁራሽ አፍንጫው ላይ ያስጠጉና ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ጀርባው ያሳልፏት። ራሱን ቀና ሲያደርግ መቀመጫው መሬት ይነካል። በዚያች ቅጽበት «ጎበዝ» ብለው ይስጡት። አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ከዘገዩ ውሻው ተነስቶ ይሆናልና የሸለሙት መነሳቱን ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ምግብ ከመብላቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቃል ይስማማ፤ አንዱ «ቁጭ በል»፣ ሌላው «ተቀመጥ» ካለ ውሻው ግራ ይጋባል። ሰው ላይ የሚዘል ከሆነ ዝም ብለው ጀርባዎን ያዙሩለት፤ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ ያመስግኑት። «ና» ብለው ጠርተው ግን በፍጹም አይምቱት። ጥሪው ዱላ ያስከተለበት ውሻ በር አምልጦ ወደ መኪና መንገድ በሮጠ ቀን ቢጠሩት አይመለስም።

ለሽልማት የሚሰጡትን ይምረጡ። የወጥ ትርፍ የውሻ የዕለት ምግብ በሆነበት አገራችን ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ቸኮሌትና ወይንም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ተሰነጣጥቆ አንጀት ይወጋል። ከእርድ የተረፈ ሳንባና ጉበት ጥሬውን መስጠት ደግሞ አደጋው ለእርስዎም ነው። ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት የበላ ውሻ በአንጀቱ ትል ይይዛል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ሆድ ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ተመሳሳይ እባጭ ያበቅላል። በደንብ ይቀቅሉት፤ እባጭ ያለበትን ደግሞ ይቅበሩት። የትል መድኃኒትም በእንስሳት ሐኪም ምክር ይስጡት።

ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት ስለሌለው ይጮኻል፣ ይቆፍራል፣ ያኝካል። ጠዋት ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ በማሰሪያ ይዘውት ለግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ ለእርስዎም የደም ግፊት አይጠላም። ያልለመደ ከሆነ ከአሥር ደቂቃ ይጀምሩ። ቡችላን ረጅም ሩጫ አያስሩጡ፤ አጥንቱ አልጠነከረም። ውፍረቱን ለማወቅ መዳፍዎን ጎኑ ላይ ያሳርፉ፤ የጎን አጥንቱ ሳይጫኑት ከተሰማዎት መልካም ነው፤ ፈልገው ካጡት ምግቡን ይቀንሱ።

ሥልጠናው ክትባትን አይተካም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበሽታው በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱ ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ውሻዎን በየጊዜው ያስከትቡ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ቅጠል እየቀጠቀጡ ጊዜ አያጥፉ። የነከሰውን ውሻም በንዴት አይግደሉት። ለ10 ቀን ለብቻው ተዘግቶበት ጤንነቱ ይታይ፤ የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን እነዚህን ቀናት አይጠብቅም።