የሠርግ ካሜራ ክብደቱ ከየት ይመጣል?

ጥር ሲገባ፣ ደግሞም ፋሲካ ሲያልፍ፣ የሠርግ ፎቶ አንሺ እንቅልፍ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ከዓለም ባንክ ሰፈር ሌሊት ይነሳል፤ ተክሊል ካለ ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ከዚያ የሙሽራው ቤት፣ ከሚዜዎቹ ጋር የሙሽሪት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ለፎቶ በጉለሌና በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተሞች የተንጣለለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወይም እንጦጦ ፓርክ፣ ማታ ደግሞ አዳራሽ ወይም ድንኳን ይጠብቀዋል። በማግስቱ መልስ አለ። በዚህ ሁሉ ውሎ ካሜራው ከአንገቱ አይወርድም፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ ቦርሳው ጭኑ ላይ ነው።

በዚህ ሥራ ዓመታት ያሳለፈ ባለሙያ ትከሻውንና አንገቱን ሲያመው “ወደ ሚረርለስ ልቀይር” ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙዎች የሚጠብቁት ቅለት ካሜራውን በመቀየር ብቻ አይገኝም።

በመጀመሪያ ሁለት ስሞችን መለየት ያስፈልጋል። ፉል ፍሬም የሴንሰር መጠን ነው፤ 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ ልክ እንደ ድሮው ፊልም። ሚረርለስ ደግሞ የካሜራ አሠራር ነው፤ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልስ መስታወት በውስጡ የለውም። ፉል ፍሬም የሆነ ሚረርለስ አለ፤ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ባለ መስታወት ካሜራም አለ። ስለዚህ አንድ ሰው መስታወቱን ትቶ ትልቁን ሴንሰር ሊያቆይ ይችላል፤ ሁለቱንም ሊተውም ይችላል። የክብደቱ ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ምርጫ ነው።

ባለ መስታወቱ ካሜራ፣ ማለትም ዲኤስኤልአር፣ በሌንሱ የገባውን ብርሃን በ45 ዲግሪ ባዘመመ መስታወት ወደ ላይ ይመልሰዋል። ብርሃኑ በላይኛው ጉብታ ውስጥ ባለ ፕሪዝም ዞሮ ዓይን ጋ ይደርሳል። ጣት ቁልፉን ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሻተሩ ይከፈታል፣ ሴንሰሩ ብርሃን ይቀበላል፣ መስታወቱም ተመልሶ ይወርዳል፤ ያ የታወቀው “ቀጭ” የሚል ድምፅ ከዚህ ነው። መስታወቱ የሚነሳበት ቦታ ስለሚያስፈልገው በካኖን ዲኤስኤልአር ሌንሱ ከሚገጠምበት አፍ እስከ ሴንሰሩ ድረስ 44 ሚሊ ሜትር ርቀት አለ። መስታወቱና ፕሪዝሙ ሲወጡ ይህ ርቀት በካኖን አር ካሜራዎች ወደ 20፣ በሶኒ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ዓይን የሚያየውም ሴንሰሩ የያዘውን ምስል በትንሽ ስክሪን ላይ ነው።

ለውጡ የተጀመረው በ2008 ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፓናሶኒክ በዚያ ዓመት ሉሚክስ ጂ1ን አወጣ፤ ሶኒ በ2013 ፉል ፍሬሙን ኤ7 አስከተለ፤ ካኖንና ኒኮን በ2018 ወደ ፉል ፍሬም ሚረርለስ ገቡ። በ2020 የጃፓን አምራቾች ለዓለም ገበያ ካቀረቧቸው ሌንስ የሚቀያይሩ ካሜራዎች ውስጥ ሚረርለሱ ባለ መስታወቱን በቁጥር በለጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አሶሺየትድ ፕሬስ በመላው ዓለም የሚገኙ ፎቶ አንሺዎቹንና የቪዲዮ ጋዜጠኞቹን በሶኒ መሣሪያ ብቻ ሊያስታጥቅ መወሰኑን አስታወቀ።  ሚረርለስ ከዚያ ወዲህ እንደ ትርፍ ካሜራ መታየቱ ቀርቶ የዜና ሰዎች ዋና መሣሪያ ሆኗል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። በሠርግ ሥራ የታወቀው ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከነባትሪውና ከነካርዱ 890 ግራም ነው። ከ24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ 805 ግራም፣ ከ70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ 1,490 ግራም ሲጨመርበት ድምሩ 3,185 ግራም ይሆናል። ፍላሹ፣ ትርፍ ባትሪውና ሁለተኛው ቦዲ ገና አልተቆጠሩም።

ባለቤቱ ቦዲውን ብቻ ሸጦ ካኖን ኢኦኤስ አር ቢገዛ 660 ግራም ይይዛል። የቆዩት ሌንሶቹ እንዲገጥሙ ግን 110 ግራም የሚመዝን አዳፕተር ያስፈልገዋል። ከ890 ወደ 770 ግራም ወረደ ማለት ነው፤ ትርፉ 120 ግራም ብቻ። ሌንሶቹንም ወደ አዲሶቹ ቢለውጥ 70-200ው ወደ 1,070 ግራም ይቀንሳል፤ 24-70ው ግን የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ተጨምሮበት ወደ 900 ግራም ከፍ ይላል። ጠቅላላ ድምሩ 2,630 ግራም ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ የቀነሰው ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም።

ምክንያቱ መስታወት የሌለው ካሜራም ብርሃንን የሚሰበስበው በዚያው የሌንስ መስታወት መሆኑ ነው። 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2.8 እንዲከፈት 200 ለ2.8 ሲካፈል የሚገኘው 71 ሚሊ ሜትር ያህል የብርሃን መግቢያ ያስፈልገዋል። ቦዲው የቱንም ያህል ቢቀጥን ይህ ሒሳብ አይለወጥም።

እውነተኛው ቅለት የሚመጣው ሴንሰሩ ሲያንስ ነው። ኤፒኤስ ሲ የሚባለው ሴንሰር በሶኒና በፉጂፊልም 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ከፉል ፍሬሙ ግማሽ አይሞላም። የሚሸፍነው ቦታ ስላነሰ ሌንሱም ያንሳል። ሶኒ ኤ6400 ከነባትሪው 403 ግራም ነው፤ ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ሌንስ ደግሞ 290 ግራም ገደማ። ሁለቱ ተገጣጥመው 700 ግራም አይሞሉም፤ የእይታ ስፋታቸው በፉል ፍሬም ከ27-75 ሚሊ ሜትር ጋር እኩል ነው። 5ዲ ማርክ 4 ከ24-70ው ጋር 1,695 ግራም ነበር። አንድ ኪሎ ስኳር ከአንገት ወረደ ማለት ነው።

ይህ ቅለት ዋጋ አለው። ትንሹ ሴንሰር በጠቅላላው የሚቀበለው ብርሃን ከግማሽ በታች ስለሆነ በደብዛዛ ድንኳን ውስጥ ፎቶው ቶሎ ይሻክራል፤ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ድባብም እንደ ፉል ፍሬሙ አይለሰልስም። መፍትሔው በጣም የሚከፈት ነጠላ ሌንስ መያዝ ነው። ለምሳሌ ሲግማ 56 ኤፍ 1.4 ክብደቱ 280 ግራም ሲሆን፣ በኤፍ 2.8 ከሚገባው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ሌላው ነገር ካርድ ነው። ኤ6400 የሚይዘው አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ ኢኦኤስ አርም እንደዚሁ። ሠርግ ደግሞ አይደገምም፤ ካርዱ ቢበላሽ ለሙሽሮቹ የሚሰጥ መልስ የለም። ሁለት ካርድ የሚጽፈው ፉጂፊልም ኤክስ ቲ3 539 ግራም ቢሆንም ለዚህ ሥራ ጭማሪው ይገባዋል።

ከክብደት ይልቅ ሥራውን የሚለውጡ ሁለት ጥቅሞች አሉ። አንደኛው ነጠላን ይመለከታል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ የሙሽሪት ፊትም ይጨልማል። በባለ መስታወቱ ካሜራ ይህ የሚታወቀው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ስክሪን ላይ ሲታይ ነው። በሚረርለሱ ግን ፊቱ መጨለሙ ቁልፉ ሳይጫን በፊት ዓይን ሥር ይታያል፤ ፎቶ አንሺው መቆጣጠሪያውን አንድ ሁለት ጊዜ አዙሮ ያቃናዋል።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። ተክሊል ከቅዳሴ ጋር ተያይዞ የሚፈጸም ሥርዓት ነው፤ ካህኑ ጸሎት ሲያደርሱ የመስታወት ድምፅ ምእመኑን ይረብሻል። ሚረርለስ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ምንም ድምፅ ሳያሰማ ያነሳል።

ነገር ግን ይኸው ሻተር ማታ አዳራሽ ውስጥ ጉድ ሊሠራ ይችላል። መብራታችን በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ሴንሰሩ ደግሞ ምስሉን የሚያነበው መስመር በመስመር ነው። ውጤቱ በፎቶው ላይ የሚጋደም ጥቁር ግርፍ ነው። ፍጥነቱን ወደ 1/50 ወይም 1/100 ማውረድ፣ አለበለዚያም ወደ ተለመደው ሻተር መመለስ ያስፈልጋል።

ባትሪም ይታሰብበት። 5ዲ ማርክ 4 በአንድ ባትሪ 900 ያህል ፎቶ እንደሚያነሳ ተለክቷል፤ ኢኦኤስ አር በ370፣ ኤ6400 በ400 ገደማ ይወሰናሉ፤ ስክሪኑና ሴንሰሩ ሁልጊዜ እየሠሩ ናቸውና። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሙሉ ቀን ሠርግ ሦስት አራት ባትሪ መያዝ ግድ ነው። ኤ6400ን ከፓወር ባንክ ቻርጅ ማድረግ መቻሉ በዚህ ጊዜ ይጠቅማል። በበጋ አቧራ ሌንስ መቀየርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በብዙ ሚረርለስ ሌንሱ ሲወጣ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ይጋለጣል።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወዷል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ቀን ሸጦ ሁሉን መግዛት አይመከርም። የካኖን ሌንስ ያለው ሰው በአዳፕተር መጀመር ይችላል፤ ክብደቱ ብዙም ባይቀንስለትም ዝምታውንና ቀድሞ ማየቱን ያገኛል፣ ባትሪውና ፍላሹም ያገለግሉታል። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ደግሞ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይጠይቅ፤ የ5ዲ ማርክ 4 ሻተር የተፈተነው ለ150,000 ጊዜ ነው።

በፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው የሚቀይርበት ምክንያት የለውም፤ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ነው፣ ብርሃኑም በእጁ ነው። በጨለማ አዳራሽ ከሩቅ የሚያነሳ ፉል ፍሬሙን ያቆይ፤ መቀየር ካለበት ወደ ፉል ፍሬም ሚረርለስ ይሂድ፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ ግን አይጠብቅ። በእግሩ የሚዞር፣ ቀን ቀን ከቤት ውጭ የሚሠራ፣ ፎቶና ቪዲዮ አንድ ላይ የሚይዝ ሰው ግን ከኤፒኤስ ሲ ሚረርለስ የተሻለ አያገኝም። ለመቀየር ያሰበ ሁሉ በመጀመሪያ የሚሸከመውን ቦርሳ ከነሌንሱ ሚዛን ላይ ያስቀምጥ፤ ከዚያም ሊገዛ ያሰበውን ካሜራ ተከራይቶ ወይም ተውሶ አንድ ሠርግ ይሥራበት።