«ቶሎ» እና «ቶሎ ቶሎ»

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። «የከተማ ባቡር በአማካይ በየ10 ደቂቃው ከመጣ፣ ማንም ተሳፋሪ ከ5 ደቂቃ በላይ አይጠብቅም» ይላል። የላከልኝ ንፋስ መውጫ ላይ ሒሳብ የሚያስተምረው የእህቴ ልጅ ነው። ከሥሩ «ጋሼ፣ ልክ ነው አይደል?» ብሎ ጽፏል።

ልክ አይደለም። ሰዓቱን ፈጽሞ የማያዛንፍ ባቡር እንኳ በየ10 ደቂቃው ቢመጣ፣ በሩ ሲዘጋ የደረሰ ሰው 10 ደቂቃ ሙሉ ይቆማል፤ 5 ደቂቃ የሁሉም ሰው ጣሪያ ሳይሆን የሁሉም አማካይ ነው። ይህ ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ «በአማካይ» በምትለው ቃል ውስጥ ተደብቋል፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃል ልናገር። ጋዜጦቻችን «ፈጣን የባቡር አገልግሎት» ሲሉ ሁለት ነገር ይቀላቅላሉ። አማርኛችን ግን ለይቶ አስቀምጦታል፤ ባቡሩ ከተነሣ በኋላ «ቶሎ» መድረሱ አንድ ነገር ነው፣ «ቶሎ ቶሎ» መምጣቱ ሌላ። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው። በአንድ ባቡርና በተከታዩ መካከል ያለውን ጊዜ «ክፍተት» እለዋለሁ። የባለሙያ ጽሑፎች «የጊዜ ርቀት» ሲሉት አያለሁ፤ ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ ስለሚመስል አልወደድኩትም።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ሁለት መስመር፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡር ነበረው። አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ክፍተትን የሚወስነው ሒሳብ ቀላል ነው፤ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ ለባቡሮቹ ብዛት ሲካፈል ነው። የአያቱ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ግድም ነውና ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት ይፈጃል ብለን እንነሣ። 20 ባቡር ካለ በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል። 10 ሲሆኑ ክፍተቱ 12 ደቂቃ፣ 5 ሲሆኑ 24 ደቂቃ ይሆናል። ከ41ዱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት በቆሙ ጊዜ ተሳፋሪው ያጣው ወንበር ብቻ አልነበረም፤ በቀሪዎቹ መካከል ያለው ጊዜም ረዘመበት። ሐዲዱና ጣቢያው ያው ነው፣ የባቡሩም ሩጫ ያው ነው፤ «ቶሎ» እንዳለ ሆኖ «ቶሎ ቶሎ» ጠፋ።

ታዲያ ስንት ሲሆን ነው «ቶሎ ቶሎ» የሚባለው? የለንደን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመጣን አውቶቡስ በዚህ ክፍል ይመድበዋል፤ በየ12 ደቂቃው ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ከተሞች በ15 ደቂቃ ረክተዋል። የሞስኮ ሜትሮ ሰው በሚበዛበት ሰዓት በየ90 ሰከንዱ ይመጣል። የእኔ ፍርድ 10 ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ አካባቢ የሰው ጠባይ ይለወጣል። ክፍተቱ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ሰው የመነሻውን ሰዓት አጥንቶ ከቤቱ ይወጣል። ወደ 10 ደቂቃ ሲወርድ ግን ሰዓት ማየቱን ትቶ ሥራው ሲያልቅለት ዝም ብሎ ወደ ጣቢያ ይሄዳል። ለእኔ ተደጋጋሚ ባቡር ማለት ተሳፋሪው ሰዓቱን የሚረሳለት ባቡር ነው።

አሁን ወደ «አማካይ» እንመለስ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 6 ባቡሮች መጡ እንበል። ክፍተቶቹ ግን 2፣ 2፣ 2፣ 18፣ 18 እና 18 ደቂቃ ነበሩ። ድምሩ 60፣ አማካዩ 10 ነው። ሪፖርት ጸሐፊው አልዋሸም። ጣቢያው ላይ ደግሞ በየደቂቃው አንድ ሰው ይደርሳል እንበል፤ በሰዓቱ 60 ሰው። ከእነዚህ 54ቱ የሚወድቁት በረጃጅሞቹ ክፍተቶች ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም 18 ሲደመር 18 ሲደመር 18 እኩል ይሆናል 54። እነሱ በአማካይ 9 ደቂቃ ይጠብቃሉ። በአማካይ አንድ ደቂቃ ብቻ የሚጠብቁት ዕድለኞች 6 ናቸው። የሁሉም አማካይ ሲወጣ 8 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። ከ5 ደቂቃው በሲሶ ሳይሆን ከግማሽ በላይ ይበልጣል፤ ከ60ው ሰው ብዙዎቹም «ዛሬ ባቡሩ ዘገየብኝ» እያሉ ቤታቸው ይገባሉ።

ይህ የዕድል ማጣት ጉዳይ አይደለም። የጋይንት ገበሬ በእርከን በተከፈለ ተዳፋት ላይ ገብስ ሲበትን አስቡት። ሦስቱ እርከኖች ጠባብ ናቸው፣ ሦስቱ ሰፊ። እጁ ሳያዳላ ይበትናል፤ ፍሬው ግን በብዛት የሚያርፈው ሰፊው ላይ ነው። ፍሬዎቹ ቢጠየቁ «የዚህ አገር እርከን ሰፊ ነው» ይላሉ። ተሳፋሪውም እንደ ፍሬው ነው፤ ረጅሙ ክፍተት ረጅም በመሆኑ ብቻ ብዙ ሰው ይሰበስባል። የእህቴ ልጅም ይህን በክፍሉ ሊያሳይ ይችላል። አንድ ቤት 2 ልጆች፣ ሌላው ቤት 8 ልጆች ካሉት አማካዩ 5 ነው። አሥሩን ልጆች አንድ በአንድ «እቤታችሁ ስንት ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ግን የመልሳቸው አማካይ 6.8 ይወጣል፤ ስምንቱ «8» ብለው ይመልሳሉና። ለባቡር ኃላፊው አማካይ ማለት በየቤቱ በር አንድ ጊዜ አንኳኩቶ መቁጠር ነው፤ ለተሳፋሪው ግን ልጆቹን መቁጠር ነው። በመጨናነቅም ያው ነው። አንዱ ባቡር 180 ሰው፣ ሌላው 20 ሰው ቢጭን የባቡሮቹ አማካይ 100 ነው፤ ከ200ው ተሳፋሪ 180ው ግን ተጨናንቆ ሄዷል።

ክፍተቶቹ ለምን ይዛባሉ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስደንቀኝ። ጎርደን ኒውል እና ባልደረባው ፖትስ እ.ኤ.አ. በ1964 በሒሳብ እንዳሳዩት፣ እኩል ተራርቀው የተነሡ ተሽከርካሪዎች ያለ ማንም ጥፋት ወደ መጣበቅ ይሄዳሉ። በገበያ ቀን በአንድ መንገድ ተከታትለው የሚሄዱ ሁለት ሰዎችን ተመልከቱ። ፊተኛው ሁሉ ያቆመዋል፤ «እንደምን አደርክ? ልጆቹ ደኅና? ከብቱስ?» እያለ። ኋለኛው ሲደርስ ሰላምታው ወጥቶለታል፤ እጅ ነሥቶ ያልፋል፣ ብዙም ሳይቆይ ፊተኛው ላይ ይደርስበታል። ባቡርም እንዲሁ ነው። ትንሽ የዘገየ ባቡር ጣቢያው ላይ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ በሩ ሳይዘጋ ይቆያል፣ ስለዚህ የበለጠ ይዘገያል፣ በሚቀጥለው ጣቢያ ደግሞ ሰው በርክቶ ይጠብቀዋል። ተከታዩ ጥቂት ሰው ብቻ ያገኝና እየቀደመ ይቀርበዋል። መጨረሻ ላይ አንዱ ጢም ብሎ፣ አንዱ ባዶውን፣ ጅራትና አፍንጫ ሆነው ይመጣሉ። ከኋላቸው ያለው ክፍተት 18 ደቂቃ የሚሆነው በዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ሌላም ነገር ይጨመርበታል። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም በለገሃርና በሜክሲኮ አድርገው እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። የቃሊቲው ባቡር ሲዛባ የአያቱንም ይዞ ይዛባል። በሌላ በኩል ከስታዲየም ሜክሲኮ ለሚሄድ ሰው ሁለቱም ባቡሮች ይሆኑታል፤ መስመሮቹ በየ12 ደቂቃው እኩል እየተፈራረቁ ቢሠሩ ለእሱ በየ6 ደቂቃው ነው። ቃሊቲ ለቆመው ግን 12 ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ ያው ባቡር ለአንዱ ተደጋጋሚ ነው፣ ለሌላው አይደለም።

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ አንዲት እናት ረዳቱን «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» ይሉታል። «እናቴ፣ ሲሞላ ነው» ይላቸዋል። ይህም ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው፤ ክፍተቱን የሚወስነው የሰዉ ብዛትና የመኪናው መጠን ነው። ለደብረ ታቦር 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ቆሞ በየ5 ደቂቃው አንድ ተሳፋሪ ቢመጣ፣ መጀመሪያ የገባው 55 ደቂቃ ይቀመጣል፣ መጨረሻ የገባው ምንም። ወደ 300 ሰው የሚይዝ የአዲስ አበባ ባቡር በዚያው ደንብ «ሲሞላ» ይነሣ ቢባል፣ የመጀመሪያው ተሳፋሪ 24 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይጠብቃል። ስለዚህ «ለእኛም ከተማ ባቡር ይግባልን» ለሚሉኝ ወገኖቼ መልሴ ቁርጥ ነው፤ ቻይናዎቹ በደርግ ዘመን በሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ላይ ትንሽ መኪና ቶሎ ቶሎ ብትነሣ ከትልቅ ባቡር ትሻላለች። አንድን ትልቅ አውቶቡስ በሁለት ትንንሽ መተካት ክፍተቱን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ሁለት ባቡር ቀጥሎ እንደ አንድ ማስኬድ ደግሞ ክፍተቱን እጥፍ ያደርገዋል።

በራሴ ሙያ፣ በስታቲስቲክስ በኩል፣ ማሰሪያ ልጨምር። ከላይ የሠራሁት ሒሳብ ተሳፋሪው ባቡሩ የት እንዳለ ሳያውቅ ይመጣል ብሎ ይነሣል። ባቡሩ ያለበትን በስልኩ የሚያይ ሰው ከዚህ ሒሳብ በከፊል ይወጣል። የ10 ደቂቃው ወሰንም እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ጠባዩ ቀስ በቀስ ነው የሚለወጠው፣ እንደ ከተማውም ይለያያል። ቆሞ መጠበቅ ተቀምጦ ከመሄድ እጥፍ ይከብዳል የሚለው ግምት በዕቅድ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ይገባል፤ ጥላና መቀመጫ ባለበትና በሌለበት ጣቢያ እኩል ይሠራል ብዬ ግን አልከራከርም። የአንድ ሰዓት ቆጠራም ለፍርድ አይበቃም። የማይናወጠው ግን ይህ ነው፤ ባቡሩ የት እንዳለ ሳያውቅ ለሚመጣ ሰው፣ ክፍተቶቹ እኩል ካልሆኑ አማካይ ጥበቃው ሁልጊዜ ከአማካይ ክፍተቱ ግማሽ ይበልጣል። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

አንባቢዬ፣ «በአማካይ በየ10 ደቂቃው» የሚል ወሬ ሲደርስህ አታስተላልፈው። ጣቢያው ላይ አንድ ሰዓት ቁምና እያንዳንዱን ክፍተት በደቂቃ ጻፍ። እያንዳንዱን በራሱ አባዛው፣ ደምረው፣ ድምሩን ለ120 አካፍል። የወጣው ቁጥር በዚያ ሰዓት ሰው በእውነት በአማካይ የጠበቀው ጊዜ ነው። ያንን ላክልኝ።