አልጋውን የከበቡት ሐኪሞች እነማን ናቸው?

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዘመዱን ያስተኛ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው የሐኪሙ ብዛት ነው። ማታ ድንገተኛ ክፍል የተቀበለው ሌላ፣ ንጋት ላይ ደም የቀዳው ሌላ፣ አሁን አልጋውን የከበቡት ደግሞ ሌሎች። ሁሉም ጋዋን ለብሰዋል፤ ሁሉም «ዶክተር» ይባላሉ። ታዲያ የኛ ሐኪም የትኛው ነው?

ግርግሩ የሚመነጨው ቤቱ ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም በመሆኑ ነው። የሕክምና ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1964 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቋቋመ። ኤድንብራ የተማሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከቀደምት መምህራኑ አንዱ ሲሆኑ፣ ዲንም ሆነው አገልግለዋል። ሆስፒታሉ በ1972 ሲከፈት በልዑል መኮንን ስም ይጠራ ነበር፤ የአሁኑ ስሙ ከአብዮቱ በኋላ የመጣ ነው። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይተዳደራል። ከየክልሉ በሪፈር የሚላከው ከባድ ሕመምተኛ እንግዲህ የሚታከመው በመምህራንና በተማሪዎቻቸው ነው።

ከበታች እንጀምር። ደብተር ይዘው ከኋላ የሚቆሙት የክሊኒካል ዓመት ተማሪዎች፣ በቤቱ አጠራር «ሲ-ዋን» እና «ሲ-ቱ» ናቸው። የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃሉ፣ ደረት ያዳምጣሉ፣ ሆድ ይዳብሳሉ፤ መድኃኒት ግን አያዙም። ሕመምተኛው «አሁንም ልትጠይቁኝ ነው?» ብሎ የሚማረረው አብዛኛውን ጊዜ በነሱ ነው።

ቀጥሎ ኢንተርኑ አለ፤ ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት የቀረው። ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ጽንስ እያለ ክፍሎቹን ይዞራል። ናሙና ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ውጤት የሚያሳድደው፣ ቻርት የሚሞላው እሱ ነው። ዲዩቲ ሲሆን ዋርድ ያድራል።

ከኢንተርኑ በላይ ሬዚደንቱ ይመጣል። ሬዚደንት ተመርቆ ጠቅላላ ሐኪም የሆነ፣ አሁን እንደ ሙያው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም ነው። ቀን በቀን ሕመምተኛውን የሚከታተለውም ኢንተርኑን የሚያርመውም እሱ ነው። ቁንጮው ላይ «ሲኒየር» የሚባለው ስፔሻሊስት መምህር ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የሱ ነው።

ድሮ ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ብዙው ሥልጠና እዚሁ ይሰጣል፦ የአእምሮ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምናው በ2006 ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተጋገዝ ተጀመሩ።

ይህ ሁሉ ሰው ፊት ለፊት የሚገናኘው ጠዋት ነው። «ሞርኒንግ» በሚሉት ስብሰባ ተረኞቹ ሌሊት የገባውን ሕመምተኛ ለመምህራኑ ያቀርባሉ። «ሽንቱ ስንት ወጣ?» «ግፊቱን ድጋሚ የለካችሁት መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ ይወርዳል። ያልለካ ሰው የሚሸሸግበት የለውም። እንቅልፍ ላጣ ወጣት መራራ ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ሌሊት በጥድፊያ የተወሰነው ነገር በሰከነ አእምሮ የሚታይበት ሰዓት ነው።

ከዚያ ራውንድ ይቀጥላል። ኢንተርኑ አልጋው አጠገብ ቆሞ ያቀርባል፣ ሬዚደንቱ ይሞላል፣ ሲኒየሩ ይጠይቃል፤ ንግግሩ ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ሕመምተኛው ስለራሱ ሲወራ ፊት ፊታቸውን እያየ ክፉ ወይ ደግ መሆኑን ለመገመት ይሞክራል። የአልጋ እጥረትና የወረፋ ርዝማኔ በበጀት የሚፈታ ነው፤ ይህ የቋንቋ ችግር ግን ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ በሚገባው ቋንቋ ከማስረዳት በላይ ምንም አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይኸውና፦ የእርስዎ ሐኪም ሬዚደንቱ ነው፤ ከበላዩ የሚያርመው ሲኒየር፣ ከበታቹ የሚሮጥለት ኢንተርን አለው። ራውንዱ ሲያበቃ ስሙን ይጠይቁ፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ዛሬ ምን እንደታሰበ፣ የትኛው ውጤት እንደሚጠበቅ እንዲነግርዎ ያድርጉ። ደብተር የያዘው ተማሪ ሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ሲጠይቅ ደግሞ፣ ሕመምተኛው አቅም ካለው ይመልስለት። ያ ልጅ ነገ ሲኒየር በሌለበት የወረዳ ሆስፒታል ብቻውን ተረኛ ሊሆን ይችላልና፣ ዛሬ ሰው ባለበት ቢማር ይሻላል።