ድብልቅ የባህል ሙዚቃ በአዝማሪ ቤት



አዝማሪ በጥንቱ ልማድ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ነው። ማሲንቆውን ራሱ ይመታል፤ ራሱም ይዘፍናል፤ ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። የዘፈኑ ፍጥነትም ሆነ ርዝመት በእርሱ እጅ ስለ ሆነ ማንንም ማማከር የለበትም። ይህ ሰው ከአምስት ከስድስት ተጫዋቾች ጋራ በአንድ መድረክ ሲሰለፍ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

የባህል መሣሪያዎችን ማደባለቅ አዲስ ነገር አይደለም። በ1963 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በትውልዱ ግብጻዊ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ለየብቻቸው መሰማት የለመዱትን ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድነት አሰልፎ ነበር፤ በ1969ም አሜሪካ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። በአዳራሽ ግን ሕዝቡ ተቀምጦ ያዳምጣል እንጂ ግጥም አይሰጥም።

በአዝማሪ ቤት ነገሩ ይከብዳል። በቀድሞው ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ፣ የእስክስታ ባለሙያው የመላኩ በላይ ጓድ ኢትዮከለር፣ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ዘፈንና ውዝዋዜ እያዋሐደ ሲጫወት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤቱ ጠባብ ስለ ነበረ ተመልካቹ ከተጫዋቹ ጣት ብዙ አይርቅም፤ ለመማር ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ወንበር የለም።

ከቅርብ ሲታይ የመጀመሪያው ችግር ቅኝት ነው። ክራር አስቀድሞ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ይቃኛል፤ ቅኝቱ ሲለወጥ ክሮቹ እንደገና መጥበቅና መላላት አለባቸው። በሁለት ዘፈኖች መካከል ክራር መቺው አንገቱን አዘንብሎ የሚቆየው ስለዚህ ነው። የዋሽንት ድምፅም በርዝመቱ የተወሰነ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ አጭርም ረጅምም ዋሽንት ይዞ ይመጣል። ማሲንቆ ግን እንደ ሰው ጉሮሮ ነው፤ በአንዲት የጭራ ክር ላይ ድምፁን በጣቱ ፈልጎ ሌሎቹ ወዳሉበት ይሄዳል። ፒያኖ የተጨመረ እንደ ሆነ፣ ፒያኖ ከቦታው አይነቃነቅምና ሁሉም ወደ እርሱ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል። በዚያን ጊዜ በተለይ አንቺ ሆዬ ጣዕሙ ይቀንሳል ባይ ነኝ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ግጥሙ ነው። ከበሮው የችክችካውን ምት ይዞ ሲገሠግሥ፣ ዜማውም አስቀድሞ በተለካለት መጠን ሲያልቅ፣ «ተቀበል!» ያለው እንግዳ ግጥሙን እንደ ያዘ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ድምፁ ያማረ ቢሆንም ማታ ማታ እንደ ሸክላ ያው ነው፤ ለእርሱማ ከቤት መውጣት አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ ወደ ምሽት ክበብ የሚሄድ ሰው አዝማሪውን ብቻ ሳይሆን የከበሮ መቺውን ዓይን ይመልከት። የበሰለ ጓድ ግጥም መምጣቱን ሲያውቅ ያፈገፍጋል፤ ባስ ክራሩ አንዲቱን ሐረግ ይደጋግማል፤ ከበሮው ዝግ ይላል፤ አዝማሪውም ግጥሙን ተቀብሎ፣ የእንግዳውን ስም ጨምሮ፣ አንዳንድ ጊዜም የመሥሪያ ቤት አለቃውን ነካ አድርጎ እስኪጨርስ ድረስ ይጠብቁታል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጥቅሻ ሁሉም አብረው ይነሣሉ፤ እስክስታ ወራጁም ትከሻውን የሚያነሣው በዚያች ቅጽበት ነው።