ደሞዙ አጥንት የሆነው የሐረር ዘበኛ

ሐረርን ከጂን የሚጠብቃት ዘበኛ ዩኒፎርም የለውም። አራት እግር አለው፤ ሥራ የሚገባው ሲመሽ ነው። አዎ፣ ጅብ!

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጀጎል ግንብ ላይ ከሰው በሮች ሌላ ትንንሽ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ። ብዙ ሐረሪዎች ጅብ ጂን ይበላል ብለው ያምናሉ። በአሹራ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብለታል። ጥሩ አድርጎ ከበላ ዓመቱ ደግ ነው፤ ትቶት ከሄደ ግን ያሳስባል።

«ባክህ፣ ተረት ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ጂኑን እንተወውና ሒሳቡን እንየው። በፈረንጆቹ 2021 የወጣ የመቀሌ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ የእንስሳት ጥንብ እንደሚያስወግዱ ገምቷል። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቢቀር እንደ አባሰንጋና የከብት ቲቢ ያሉ በሽታዎች ወደ ሰው የመሻገር ዕድላቸው ይሰፋል። ይሄኛውን ጂን ላብራቶሪም ያውቀዋል።

ታዲያ ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚታረሰው የጅቡ ጉድጓድ ነው። የበላውን አጥንት እንጂ የሠራውን ሥራ ማንም በጀት ውስጥ አይጽፍለትም። ለሐረር አዲስ ከሆናችሁ፣ ማታ ስታገኙት አትሩጡ፣ ድንጋይም አታንሱ፤ መንገዱን ልቀቁለት። ሥራ ላይ ነው።