ለሚስት የሚሠራ ቀላል ደጋን

ደጋን ፍላጻ የሚወነጨፍበት፣ ሁለት ጫፎቹ በአውታር ተወጥረው የሚለመጥ ዘንግ ሲሆን፣ በአሜሪካ የእጅ ሙያ ወዳጆች ከእንጨት መሸጫ በገዙት የቀይ ኦክ ጣውላ ይሠሩታል። ለሚስት የሚታሰበው ቀላል ደጋን ተስቦ ሲያልቅ ከ25 እስከ 30 ፓውንድ፣ ማለትም ከ11 እስከ 14 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉልበት ይጠይቃል። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው፣ ምንም ቀላል ቢመስል፣ ጣውላ መምረጡ ነው፤ የእንጨቱ ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ካልዘለቀ፣ ጠርዙን ጥሶ በወጣበት ቦታ ዘንጉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከመያዣው ወዲህና ወዲያ የሚለመጠው የደጋኑ ክንድ ውፍረት በግማሽ ሲቀነስ ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚወርድ፣ ሠሪው ወደ ተኳሿ የሚዞረውን የደጋኑን ሆድ ብቻ በሞረድ በጥቂቱ እየፋቀ፣ አልታጠፍ ያለውን ቦታ በእርሳስ ምልክት እያደረገ፣ ሁለቱ ክንዶች እኩል እስኪጎብጡ ድረስ ደጋኑን ከታሰበው ጉልበት ሳያሳልፍ ደጋግሞ ይስባል።