ያውቁ ኖሯል? የዓሣ ነባሪ የምግብ ማስታወሻ አፉ ውስጥ ነው

ቦውሄድ የተባለው የአርክቲክ ዓሣ ነባሪ ጥርስ የለውም። በምትኩ ከላይኛው መንጋጋው በመቶዎች የሚቆጠሩ ስስ ሳንቃዎች ይንጠለጠላሉ፤ ረጃጅሞቹ እስከ 4 ሜትር ይደርሳሉ፤ የውስጥ ጠርዛቸው እንደ ጭራ ፀጉር የተበታተነ ነው። በእነሱ ውኃውን አጥልሎ ጥቃቅን የባሕር እንስሳትን ያስቀራል። ሳንቃው የተሠራው እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን ነው፤ ከድድ እየበቀለ ይረዝማል፣ የበቀለው ደግሞ አይለወጥም፤ ስለዚህ ያኔ ከተበላው ምግብ የመጣውን ካርቦን እንደያዘ ይቆያል።

ካርቦን ሁሉ ክብደቱ እኩል አይደለም። ከመቶው አንድ ያህሉ ካርቦን-13 ነው፤ ከተለመደው ካርቦን አንድ ኒውትሮን ይጨምራል እንጂ ጨረር የለውም። የቤሪንግ ባሕር ጥቃቅን እንስሳት ከምሥራቅ ቦፎርት ባሕሮቹ ይልቅ ይህ ካርቦን ይበዛባቸዋል። የዚያ አካባቢ ቦውሄድ ደግሞ የብርዱን ወራት በቤሪንግ፣ የሙቀቱን በቦፎርት ያሳልፋል።

የአላስካ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ሼልና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳንቃዎቹን ከሥር እስከ ጫፍ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ቆንጥረው ካርቦን-13ን ለኩ። መጠኑ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ማዕበል አንድ ዓመት! በዚህም የወጣቶቹን ዕድሜ እስከ መቁጠር ደረሱ። የአዛውንቶቹ አይቆጠርም፤ ጫፉ እየተፋቀ የልጅነት ገጻቸው አልቋል።

ከባዱ የናይትሮጅን ዓይነት፣ ናይትሮጅን-15፣ ደግሞ ሌላ ወሬ ያቀብላል። በላተኛው ውስጥ ያለው መጠን ከተበላው በሺህ 3 ወይም 4 ያህል ስለሚበልጥ፣ ዓሣ የሚበላው ጥቃቅኑን ከሚያጠልለው ይለያል። ለዚህ ሁሉ የሚበቃው ናሙና ከአንድ ሚሊ ግራም ያልበለጠ ብናኝ ነው።